ሲሚንቶ አይናገርም

ፕሩይት ክሪክ፣ አላባማ
ሜይ 9፣ 2016

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ ለካርሊን፤

እንደምን ሰነበትሽ? ባሕሩን ሁሉ ተሻግሮ ሰላምታዬ ኮሪያ ካለው የጦር ሰፈርሽ ድረስ ይድረስሽ። "አክስቴ፣ እዚህ የስልኩ መስመር እየተቆራረጠ አስቸገረኝ፤ ከእንግዲህ ደብዳቤ ጻፊልኝ" ባልሽው መሠረት ይኸው ብዕር ጨበጥኩ። ከብዕር ይልቅ የድራም ዱላ የለመደ እጅ ነውና ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ። እናትሽ ዋንዳ ደህና ናት። ጥንቸል የቲማቲም ችግኟን ፈጀባትና የአባትሽን ጠብመንጃ አውርዳ በረንዳው ላይ ዘብ ቆማለች። እስካሁን የመታችው የራሷን ባልዲ ብቻ ነው። አባትሽም ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው።

እኔ ግን ፈርቻለሁ፣ ልጄ። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። እህል አልወርድ እስኪለኝ ድረስ ፈርቻለሁ።

በአውደ ርዕዩ ሜዳ ላይ የነበረውን አሮጌ የእንጨት መድረክ ታስታውሺዋለሽ? አፈረሱት። በምትኩ ጣሪያው እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለ፣ ወለሉ ድፍን ሲሚንቶ የሆነ አዲስ መድረክ ሠርተዋል። ለጁላይ አራት የነፃነት በዓል የሚመረቀው በአባትሽ ዝግጅት ነው። "ሮይስ ታድሎክ፦ አምሳ ዓመት በመድረክ" የሚል ሥዕሉ በየነዳጅ ማደያው ተለጥፏል። ቴሌቪዥንም መጥቶ ይቀርጻል አሉ። ለከተማው ሰው የምሥራች ነው። ምሥጢሩን ለምናውቀው ለአራታችን፣ ለወላጆችሽ፣ ለአንቺና ለእኔ ግን መርዶ ነው።

የማውቀውን ለምን ትደግሚልኛለሽ እንዳትይኝ። የፈራ ሰው የሚያውቀውን ነገር መደጋገም ይወዳል። አባትሽ የሚሰማው በእግሩ ነው። ግራ ጆሮው ከሞተ ቆየ። ቀኙም ቢሆን አጠገቡ ቆመሽ ብትጮሂ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ሰው ነው የሚሰማሽ። ጫማውን አውልቆ እንጨቱ ላይ ሲቆም ግን የድራሜ ምት በውስጥ እግሩ ይገባና እስከ ጉልበቱ ይወጣል። ድምፁን በደረቱ፣ ጊታሩን በሆዱ፣ ጊዜውን ከእኔ እግር ያገኘዋል። ሕዝቡማ ባዶ እግሩን የሚዘፍነው ከልማድ ይመስለዋል። ካልሲ ፋብሪካ ባሳደገው ከተማ ያደገ ልጅ ካልሲ አላደርግም ማለቱ አስቋቸው፣ አዝማቹ ሲደርስ ካልሲ እየጠቀለሉ ይወረውሩለታል። እኔም በዚያው ፋብሪካ ስንት ዓመት የካልሲ ጣት ስሰፋ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ ካልሲ ከድራሜ ላይ ስለቅም አመሻለሁ።

ደንቁሬአለሁ ብሎ ለምን እንደማይናገር ጠይቄው አውቃለሁ። "ሰው ሊሰማኝ መምጣቱ ቀርቶ ሊያየኝ ይመጣል" አለኝ። ከዚያ በኋላ አፌን ይዣለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰው ሲጠራው ዝም ስለሚል "ሮይስ ኮራ፣ ሮይስ ይጠጣል" ተብሎ አገር ሲያወራ የመጨረሻው ሰሚ እሱ ነበር።

ይህ ነገር ከአያትሽ የመጣ ነው። እናታችን ገና ልጅ እግር ሳለች ነው የጀመራት፤ የጀመራትም በስልክ ነው። "የስልክ ኩባንያው መስመሩን አበላሽቶታል" ብላ ጃንጥላዋን ይዛ ቢሮአቸው ድረስ ሄዳ ተጣላች። ሠራተኛው "እመቤቴ፣ የጎረቤቶችዎ ሁሉ በደንብ ይሠራል እኮ" ቢላት፣ "እነሱ ቁም ነገር ስለማያወሩ ነው" ብላው ወጣች። እኛ ስቀን ሞትን። ዓመት ሳይሞላ የእኛንም ድምፅ መስማት አቆመች፤ ያኔ ሳቁ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ነው የወለሉን ቋንቋ የፈጠርነው። አንድ ምት "እዪኝ" ማለት ነው። ሁለት ፈጣን ምት ሲሆን ሰው በር ላይ ቆሟል። ሦስት ቀስ ያለ ምት ደግሞ "ሁላችንም ገብተናል፣ ወደ ማዕድ ነይ"። እናታችን ጀርባዋን ሰጥታ ቢስኩት ስትጋግር እኔ ወለሉን ስመታ ዞር ብላ ትስቅልኝ ነበር። ድራመር የሆንኩት ያኔ ነው። ሮይስም በቤተ ክርስቲያን ጊታር ሲጀምር ከኋላው የምመታለት እኔ ነበርኩ።

ወደ ጭፈራ ቤቱ ዓለም ስንገባ የነበረውን አንቺ አልደረስሽበትም። ጠርሙስ እንዳይፈነክተን ከመድረኩ ፊት የዶሮ አጥር ሽቦ ይወጠር ነበር። ባለቤቱ "ድራመራችሁ የታለ?" ብሎ ይጠይቃል። ሮይስ ወደ እኔ ያመለክታል። "ይቺ? እኔ እኮ ሳንድዊች የያዘችላችሁ መስሎኝ!" ይላል። "ሳንድዊቹንም ይዣለሁ" እለው ነበር። ከአዳራሹ ገሚሱ ዘፈናችን ካንትሪ ነው ሲል፣ ገሚሱ ሮክ ነው ይል ነበር። አባትሽ ሲጠየቅ "የፋብሪካ ጩኸት ነው" ይላቸዋል። ሁለት ጊታር እየተናከሰ፣ ክሩ ላይ ብረት የሚንሸራተትበት ጊታር እያለቀሰ፣ የእኔ እግር ከሥር እንደ ሹራብ ማሽን ሲመታ እውነቱን ነበር።

ከዚያ ከናሽቪል የሸክላ አሳታሚው ሰውዬ መጣ። "አንተን እንፈልግሃለን፤ ሸክላው ላይ ግን ድራሙን የኛ ሰው ይመታል። እዚህ አሠራሩ እንዲህ ነው" አለው። አባትሽ ኮፍያውን አንስቶ "እህቴ ከሌለች እኔም የለሁም" ብሎ ወጣ። ውሉ ቀረ። ስሙ ዓለምን መዞሩ ቀርቶ ከቴክሳስ እስከ ካሮላይና ተወሰነ። ሰው ሁሉ "አቤት የወንድም ፍቅር!" አለ። እኔ ግን በኋላ፣ ጆሮው መሞቱን ካወቅሁ ወዲህ፣ አንድ ጥርጣሬ እንደ ምስጥ ሲበላኝ ኖረ። እኔን ፈልጎ ነው ወይስ እግሬን? ሳልጠይቀው አረጀን።

ወደ ፍርሃቴ ልመለስ። ባለፈው ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዲሱን መድረክ ልንሞክረው ሄድን። አባትሽ ጫማውን አውልቆ ሲሚንቶው ላይ ቆመ። እኔ ጀመርኩ። እግሩን ወደ ግራ አደረገ፣ ወደ ቀኝ አደረገ። ጣቶቹ ወለሉ ላይ ሲርመሰመሱ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ መብራት የሚፈልግ እጅ ይመስሉ ነበር። የትልቁን ድራም ፔዳል ባለ በሌለ ጉልበቴ ረገጥኩለት። ምንም አልደረሰውም። ሲሚንቶ አይናገርም፣ ልጄ። መዝፈን ጀመረና አንድ ሙሉ ስንኝ ቀድሞን ሄደ።

ቤዝ የሚጫወተው ዴልበርት፣ ያ አፉ ሥራ የማይፈታው፣ "አለቃ፣ ምነው? ባቡር እንዳያመልጥህ ነው?" አለው። ሁሉም ሳቀ። አባትሽ አፋቸውን አይቶ እሱም ሳቀና "ንፋሱ ነው" አለ። ቅጠል አይንቀሳቀስም ነበር። ወደ እኔ ዞር ሲል ግን ፊቱን አየሁት። የዚያ ሁሉ ጭፈራ ቤት ጠርሙስ ያላስፈራው ሰው እንደ ሕፃን ፈርቷል። በጁላይ አራት በዚያ ሁሉ ሕዝብና በካሜራው ፊት ብቻውን ቀድሞ ሲሄድ፣ የካልሲው መወርወር ቀርቶ ጸጥታ ሲሆን ታየኝ።

አባትሽ ግን ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። በማግሥቱ ዴልበርትን ይዞ ወደ እናታችን አሮጌ ቤት ሄደና የወጥ ቤቱን ወለል ሳንቃ በሳንቃ ነቀለው። ዴልበርት "ምን ሊሠራልህ ነው?" ቢለው "ለማስታወሻ" አለው። ዴልበርትም "እኔ ከእናቴ ያስቀረሁት አንድ ድስት ነው፤ አንተ ወለሉን!" አለና የሳንቃውን ጫፍ ተሸከመለት። ያ ሰው ሳያውቅ አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ። ሳንቃውን ገጣጥመው ዝቅ ያለ መደብ ሠሩ። ሲሚንቶው ላይ ይነጠፍና እኔ ከነድራሜ፣ አባትሽ ከነእግሩ አንድ እንጨት ላይ እንሆናለን። በጓሮ ሞከርነው። አንዴ ስመታ ዓይኑን ጨፍኖ "የእማዬ ወጥ ቤት" አለ።

እንግዲህ ሲሚንቶው መላ ካገኘ ምን ያስፈራሻል ትይኛለሽ። እግሬ ነው፣ ካርሊን። ቀኝ እግሬ።

ስኳሬን ታውቂያለሽ። በፋሲካ ሰሞን ከልምምድ ተመልሼ ቦት ጫማዬን ሳወልቅ፣ የድራሙን የነሐስ ሳህን የሚያጠብቀው ዳዶ ከውስጥ ወደቀ። ቀኑን ሙሉ ስራመድበት፣ ፔዳል ስረግጥበት ውዬ አልተሰማኝም። ካልሲዬ ደም ነበር። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ የአንቺ እኩያ ብትሆን ነው፤ እግሬን አገላብጣ አየችና ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። ሐኪም ወንበሩን ሲስብ ደግ ነገር አይናገርም። በዚህ ወር መጨረሻ ጣቶቼን ትቆርጣቸዋለች። ደሙ እንደሚገባ ካልወረደ ከቁርጭምጭሚት በላይ ነው አለች። ስትናገር ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው፣ ያንኑ ሰሞን ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን የእግር መታጠቢያ እሑድ ደረሰ። ከልጅነታችን ጀምሮ እኔና እናትሽ በሴቶቹ በኩል፣ አንዳችን የአንዳችንን እግር ሳናጥብ የቀረንበት ዓመት የለም። እንዴት አድርጌ ያንን ቁስል በዋንዳ ጭን ላይ አኑር? ጉንፋን ያዘኝ ብዬ ቀረሁ። አይ የእኔ ነገር! በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሞቶም ቢሆን እግሩን ሳይታጠብ አይቀርም። ከመቅረት የበለጠ የሚያሳብቅ ምን አለ?

ሰኞ ከምሳ በኋላ አባትሽ መጣ። የቤተ ክርስቲያኑን ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ይዟል፣ ፎጣውን ወገቡ ላይ እንደ ወንዶቹ ታጥቋል። በእኛ ዘንድ ወንድ የሴት እግር አያጥብም፤ ወንድሟም ቢሆን። እሱ ግን ገባና ፊቴ ተንበረከከ።

"ጫማሽን አውልቂ።"

"ጉንፋን ይዞኛል አልኩ እኮ" አልኩት፣ አፌን እንዲያይ ቀና ብዬ።

"ጉንፋን እግር ላይ አይወጣም። አውልቂ።"

"ሮይስ፣ ተወኝ።"

"ከፋሲካ ወዲህ የምትመቺው በተረከዝሽ ነው። ጣቶችሽ የሉም" አለኝ።

"በምን አወቅህ?"

"ይሄን ሁሉ ዓመት የት የኖርኩ መሰለሽ?" አለ። "እግርሽ ላይ ነው እኮ የምኖረው።"

አወለቅሁ። ውሃው ለብ ያለ ነበር፤ ቀኙ እግሬ ግን አልነገረኝም፣ በግራው ነው ያወቅሁት። ቁስሉ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። ከዚያ በዙሪያው፣ በዙሪያው፣ እንቁላል እንደሚያጥብ ሰው ቀስ አድርጎ አጠበው። እንባዬ ሲመጣ ያ የቆየ ምስጥ አብሮ ወጣ። አገጩን ይዤ ወደ እኔ ቀና አደረግሁትና "ያኔ ናሽቪልን የተውከው ለእኔ ነው ወይስ ለእግሬ?" አልኩት።

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሳቀ፣ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ።

"ያኔማ ዝንብ ስታስነጥስ እሰማ ነበር፣ አንቺ ሞኝ!" አለኝ። "ጆሮዬ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ እግርሽን ምን ሊያደርግልኝ?"

ተቃቅፈን አለቀስን። ደስታዬ ግን ብዙም አልቆየም፤ ፎጣውን አጠፈ። "ዝግጅቱን እሰርዛለሁ" አለ። አይሆንም አልኩት። አንድ ጊዜ ከተሰረዘ ሁለተኛ እንደማይቆም አውቃለሁ፤ ካልዘፈነ ደግሞ እቤት ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ይሞትብናል። "በግራ እግርሽስ?" አለ። ሞክሬዋለሁ፣ ግራው ዕድሜውን ሙሉ ጌጥ ሲያበጅ የኖረ ሰነፍ ነው፤ ደግሞስ በጁላይ እኔ አልጋ ላይ ነኝ። ሌላ ድራመር እንዳንቀጥር ምቱን ይመታ ይሆናል፣ መድረክ ላይ ሲሆን ሁለት ፈጣን ምት "ወደ አዝማቹ ተመለስ"፣ አንድ ብቸኛ ምት "እየኝ፣ ቀድመሃል" ማለት እንደሆነ ግን ማን ያስተምረዋል? ምሥጢሩንስ ማን ይነግረዋል? ያን ቋንቋ የሚናገር ከእኔ ሌላ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። ገና ስድስት ዓመት ሳይሞላት ጭኔ ላይ ተቀምጣ በፔዳሉ አባቷን ለእራት የጠራች ልጅ ናት።

"ካርሊን ትምጣ" አለ አባትሽ።

"ጥራታ!"

"እኔ በስልክ ልጥራት?" አለና ሁለታችንም በሐዘናችን ላይ ሳቅን። "አንቺ ጻፊላት። ከስልክ ደብዳቤ ይሻለኛል ብላለች አሉ" አለኝ። ከዚያ አፌን ማየት ጀመረ። የምናገረውን እየጠበቀ ነበር። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

እንግዲህ ደብዳቤውን ስጀምር ያልነገርኩሽ፣ ከሲሚንቶውም ከእግሬም በላይ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ፈቃድ አላገኘሁም እያልሽ ሁለት ገና ቤት ሳትመጪ ቀረሽ። ባለፈው እናትሽ በስልክ ስለ ጥንቸሉ ስትነግርሽ፣ አንቺ ስለ አየሩ መለስሽላት። እሷ መስመሩን ረገመች፤ እኔ ግን የእናታችን ስልክና ጃንጥላዋ ትዝ አለኝ። የሄሊኮፕተር ጥገና ጫጫታ ነው ትይኝ ይሆናል። ጠዋት ጠዋት በምትሰለፉበት ቦታ ከኋላ ሆነው ስምሽን ሲጠሩስ እንዴት ታደርጊያለሽ? የጓደኛሽን ፊት ታያለሽ? አለቆችሽ ያውቃሉ? መልስ አትጻፊልኝ፣ ወረቀት ላይ ሰው ደፋር ነው። ብቻ ፈቃድ ጠይቀሽ ነይ። ለአባትሽ ብለሽ ነይ፣ ለራስሽም ብለሽ ነይ። እንጨቱ ሁለት ሰው ይይዛል። ድራሙን የሚመታው ሰው ከተቀመጠበት ወንበር ምቱ እስከ ጥርሱ ድረስ እንደሚደርሰው እኔ አውቃለሁ፣ ማንም መስማት አያስፈልገውም።

የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበ ጌታ መንገድሽን ያቅናልሽ። በሰማይ ስትበሪ ክንፉን፣ በምድር ስትረግጪ ወለሉን ያጽናልሽ። በቀረኝ እግር ሁሉ የምባርክሽ እኔ ነኝ።

ስትመጪ ከበረንዳው ሆኜ ስምሽን አልጠራም። የመኪናሽን አቧራ ሳይ እናትሽን ጠብመንጃውን አስቀምጪ እላትና በሩን እከፍታለሁ። አንቺ ደረጃው ላይ እግርሽን አሳርፊ። ሦስት ጊዜ፣ ቀስ አድርጌ፣ ወለሉን እመታለሁ። በየትኛው እግሬ እንደሆነ ግን እግዜር ያውቃል።

አክስትሽ
ቨርና ታድሎክ